የጓሮው ሜዳ ለማን ነው?

በአሜሪካ ከተሞች ዳርቻ ባሉ የመኖሪያ ሰፈሮች፣ ከቤት በስተጀርባ ባለው ግቢ ሰው ሠራሽ ሣር አንጥፎ የስፖርት ሜዳ ማሠራት የተለመደ ሆኗል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ኑሯቸውን የመሠረቱ ብዙ ወገኖቻችንም በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች ስለሚኖሩ ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። «ሰው በገዛ ገንዘቡና በገዛ መሬቱ ለልጆቹ መጫወቻ ቢያዘጋጅ ምን የግብረ ገብ ጥያቄ ይነሣል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ግን አለ፤ ይኸውም «የራሴ የምለው ነገር የእኔ ብቻ የሚሆነው እስከ ምን ድረስ ነው?» የሚለው ነው።

ነገሩን ከመነሻው መመልከት ይጠቅማል። ሰው ሠራሽ ሣር በመጀመሪያ የታሰበው ሰፊ ግቢ ላለው ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት ፎርድ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ በአስፋልትና በሲሚንቶ መካከል የሚያድጉ የከተማ ልጆች ሰውነታቸውን የሚያጠነክሩበት ሜዳ እንዲያገኙ ያስብ ነበር። ከዚያም የሞንሳንቶ ኩባንያ ባለሙያዎች ከናይሎን ሣር ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በፕሮቪደንስ ከተማ በሞዘስ ብራውን ትምህርት ቤት ተነጠፈ። በ1966 ደግሞ በሂዩስተን ከተማ አስትሮዶም በተባለው ባለ ጣሪያ ስታዲዮም፣ ብርሃን አጥቶ በደረቀው የተፈጥሮ ሣር ምትክ ገብቶ ስሙ ገነነ። እንግዲህ ሜዳ ለሌላቸው ልጆች የታሰበው ነገር ዛሬ ሰፊ ግቢ ላላቸው ልጆች በአጥር ውስጥ ይነጠፋል። ይህ በራሱ ጥፋት ነው አይባልም፤ ነገር ግን ልናስተውለው የሚገባ ነው።

አሠራሩም የራሱ ትምህርት አለው። በመጀመሪያ ሕያው ሣርና ከሥሩ ያለው ለም አፈር ይነሣል፤ በምትኩ የተፈጨ ድንጋይ ተደልድሎ ይጠቀጠቃል፤ በላዩ የፕላስቲኩ ሣር ተዘርግቶ መጋጠሚያው ይጣበቃል፤ በመጨረሻም አሸዋ ወይም የጎማ ፍርፋሪ በመካከሉ ይበተናል። 15 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ሜዳ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢቆፈር 15 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። በዚሁ ሜዳ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1,500 ሊትር ውሃ ይወርድበታል፤ መፋሰሻው በሚገባ ካልተሠራም ውሃው ወደ ጎረቤት ግቢ ይሄዳል። በበጋ ፀሐይ የፕላስቲኩ ገጽ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። የኳሱን ድምፅና የማታውን መብራት አጥር አያግዳቸውም። የባለቤትነት መብት በአጥሩ ላይ ያበቃል፤ የሥራው ውጤት ግን አጥሩን ይሻገራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዴታ አፈሩ ሳይቆፈር ጎረቤትን ማማከር ነው።

በሌላ በኩል ለሚያሠራውም ሰው ፍርዱን ማጓደል አይገባም። ሰው ሠራሽ ሣር ውሃ አይጠጣም፤ ማጨጃም አይሻም። ልጁን ከመኪና መንገድና ከስልክ መስኮት አንሥቶ ወደ ሩጫ የሚመልስ አባት መልካም ነገር አስቧል። ውሃ በሚያጥርባት በካሊፎርኒያ፣ በ2015 የወጣ ሕግ ከተሞች ነዋሪዎችን ይህን ሣር እንዳያነጥፉ መከልከል እንደማይችሉ ደነገገ፤ በ2023 የወጣው ሕግ ደግሞ የመከልከሉን ሥልጣን መለሰላቸው። ሕግ በ8 ዓመት ውስጥ እንዲህ ከተለወጠ፣ «ሕጉ ፈቅዶልኛል» ማለት ብቻውን ለሕሊና በቂ መልስ እንደማይሆን ግልጽ ነው።

ዋናው ነጥብ ግን ከውሃና ከአፈርም በላይ ነው። ጨዋታ በባሕርዩ ሌላውን ሰው ይፈልጋል። በሰፈራችን ከጨርቅ የተሠራች አንዲት ኳስ ሃያ ልጆችን ትሰበስብ ነበር፤ ያሰባሰባቸው የሜዳው ማማር አልነበረም። ልጅ ተራውን መጠበቅን፣ መሸነፍን፣ ከደካማው ጋር መተባበርን የሚማረው ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ነው። እጅግ ያማረ ሜዳ ተሠርቶለት ብቻውን ኳስ ከአጥር ጋር የሚያላጋ ልጅ፣ መጫወቻ ተሰጠው እንጂ ጨዋታ አልተሰጠውም። እንግዲህ በሩን መክፈት ለጎረቤት ልጅ የሚደረግ ችሮታ ብቻ አይደለም፤ ለገዛ ልጅ የሚከፈል ዕዳም ነው።

«የሰው ልጅ በግቢዬ ወድቆ ቢሰበር በፍርድ ቤት እጠየቃለሁ» የሚለው ሥጋት በአሜሪካ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ይሁን እንጂ ጥንቃቄ በሩ እንዴት እንደሚከፈት ያስተምራል እንጂ ለዘለቄታው እንዲዘጋ አያዝም። የመድን ድርጅቱን አስቀድሞ መጠየቅ፣ የወላጆችን ፈቃድ መቀበል፣ የታወቀ ቀንና ሰዓት መወሰን፣ አንድ አዋቂ ሰው እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል። ይህ ሁሉ የማይቻል ከሆነ፣ በእግር የሚደረስበትን የሕዝብ ሜዳ ወይም የትምህርት ቤት ግቢ ለማደስ ገንዘቡን ከጎረቤቶች ጋር ማዋጣት የተሻለ እንደሆነ ማሰብ ይገባል።

ውድ አንባቢያን፣ ጓሮ ያለውም የሌለውም ይህን ጥያቄ በቤቱ ሊወያይበት ይችላል። ሊያሠራ ያሰበ ሰው ግን ሦስት ነገሮችን ራሱን ይጠይቅ። ውሃው፣ ሙቀቱና ድምፁ በማን ላይ ይወርዳል? ፕላስቲኩ ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ አርጅቶ ሲነሣ ወዴት ይጣላል? በዚህስ ሜዳ ላይ ከልጄ ሌላ የማን ልጅ ይሮጣል? ለሦስተኛው ጥያቄ ቢያንስ የአንድ ጎረቤት ልጅ ስም ጠርቶ መመለስ ካልቻለ፣ ቁፋሮውን ለጥቂት ጊዜ አቆይቶ አስቀድሞ የጎረቤቱን በር ያንኳኳ።