ቡጢ የቀመሰ ተመልካች

ቡጢ የጀመረ ሰው ቀድሞ የሚማረው መምታትን ሳይሆን መተንፈስን ነው። በቴሌቪዥን ሲያየው አጭር የነበረው የ3 ደቂቃ ዙር ጓንት ካጠለቀ በኋላ አላልቅ ይለዋል፤ ክንዱ ይዝላል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። አዲስ አበባ፣ ቀበና ላይ አየሩም አያግዘውም። ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ወደ እንጦጦ በወጡ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ከዚያ በኋላ 12 ዙር የሚቆም ባለሙያ ሲያይ «ምን ቆሞ ያየዋል፣ በለው!» የሚለው ጩኸት ጉሮሮው ላይ ይቀራል።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ አካል ያልሞከረውን ነገር ዓይን ብቻውን ያውቀዋል? እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጊልበርት ራይል እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አንድ ነገር ማወቅና ነገሩን ማድረግ መቻል ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች መሆናቸውን አስረድቷል። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ሎይክ ቫካን በ1988 ቺካጎ ውስጥ ቡጢ ቤት ገብቶ ሦስት ዓመት ያህል የሠለጠነው ያንን ሁለተኛውን ዕውቀት ፍለጋ ነበር። ለገና ጨዋታ ግን ይህ ሁሉ ድካም አላስፈለገም። በገጠር ዳር ቆሞ የሚያየው ሰው ራሱ በልጅነቱ ሩር ሲያባርር ቅልጥሙን በዱላ የተመታ ነውና። ተመልካችን ከተጫዋች አርቆ ያስቀመጠው ቴሌቪዥን ነው።

ይሁንና ጀማሪው ዕውቀት ያገኘበት መንገድ ያሳስተዋልም። ለስሕተቱ ቋንቋም ያግዛል፤ በግእዝ «ተጋደለ» ማለት ታገለ ማለት ነው፤ የቅዱሳን መከራ የሚጻፍበት መጽሐፍም «ገድል» ይባላል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ፣ ምዕራፍ 9 ላይ፣ ራሱን በባዶ ከማይሰነዝር ቡጢኛ ጋር ያመሳስላል። በዚህ ቋንቋ ያደገ ሰው ስፖርተኛውን መከራ ተቀባይ አድርጎ ማየት አይከብደውም፤ የራሱን ፍርሃትና ሕመም ወስዶ በሻምፒዮኑ ላይ ይጭናል። ሻምፒዮኑ ግን በአብዛኛው ያንን ፍርሃት አይፈራም። ዓይን አይቶ እጅ እስኪመልስ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ የተወረወረን ቡጢ መጠበቅ ትርፉ መመታት ነው፤ ስለዚህ ባለሙያው የሚያነበው ትከሻንና ዳሌን ነው። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለው የቴኳንዶ ተወዳዳሪ ሰሎሞን ደምሴ በተሰለፈበት ስፖርትም ራስ ላይ ያረፈ እርግጫ 3 ነጥብ፣ ዞሮ የተመታ ከሆነ 5 ነጥብ ያስገኝ ነበር፤ ያልሠለጠነ ዓይን ግን እርግጫውን እንጂ ከእርሱ በፊት የተቀየረውን የእግር አቋቋም አያይም። አርስጣጣሊስ ልምድ ድፍረት እንደሚመስል ሲጽፍ የለመዱ ወታደሮችን ካልሠለጠነ ሰው ጋር ከሚገጥም ስፖርተኛ ጋር ያነጻጸረው በዚህ ምክንያት ይመስላል። ታዲያ አድናቆት የሚገባው ያ የእርጋታ ቅጽበት አይደለም፤ እርጋታውን የሠሩት ዓመታት ናቸው።

ልምድ ፍርሃትን ያስወግዳል፤ አንጎልን ግን አይጠብቅም። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ በ1928 የብዙ ዓመት ቡጢ በቦክሰኞች አንጎል ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ጽፎ ነበር። በ1982 ኮሪያዊው ቦክሰኛ ኪም ዱክ ኩ ላስ ቬጋስ ላይ በ14ኛው ዙር ተዘርሮ ከቀናት በኋላ ከሞተ ወዲህ የሻምፒዮና ግጥሚያ ከ15 ወደ 12 ዙር ዝቅ ብሏል። ጓንት አጥልቆ የሚያውቅ ተመልካች በ10ኛው ዙር የወረደ እጅ ሲያይ ዓይኑ ከተፋላሚዎቹ ይነሣና ወደ ጥጉ ይሄዳል፤ አሠልጣኙ ፎጣውን አንሥቶ እንደሆነ ለማየት።