ክፋት የሚቀረው ስለማያዋጣ ነውን?

ሰው ክፉ ሥራን መተው የሚገባው ስለማያዋጣው ነውን ወይስ ክፉ ስለ ሆነ? የጥንት ፈላስፎችን ያከራከረውን ይህን ጥያቄ በልቤ የቀሰቀሰው አንድ አሮጌ ፊልም ነው። በቪየና ተወልዶ፣ በጀርመን ስሙ ከገነነ በኋላ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ከዚያ የተሰደደው ፍሪትስ ላንግ በ1938 በአሜሪካ ያዘጋጀው ሲሆን «አንተና እኔ» ይባላል።

ታሪኩ የሚፈጸመው በአንድ ታላቅ መደብር ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሚስተር ሞሪስ ከወኅኒ የወጡ ሰዎችን እያወቁ ይቀጥራሉ። ከነዚህ አንዱ ጆ፣ ባልደረባውን ሄለንን ያገባል። እርሷ ግን ራሷ በአመክሮ የተፈታች መሆኗን፣ በዚህም ምክንያት ማግባት እንደማይፈቀድላት ሰውራዋለች። ምስጢሩ ሲገለጥ ጆ በቁጣ ከቀድሞ ግብረ አበሮቹ ጋር መደብሩን ሊዘርፍ ይነሣል።

ዘራፊዎቹ ግን ሌሊት በመደብሩ ውስጥ ይያዛሉ። ሄለንም ጠመኔ አንሥታ በሰሌዳ ላይ ሒሳብ ታስተምራቸዋለች። የተሰረቀ ዕቃ የሚገዛው ነጋዴ ምን ያህል አጉድሎ እንደሚከፍል፣ አለቃው ስንት እንደሚወስድ፣ ወጪው ስንት እንደ ሆነ ቀንሳ ስታበቃ ለእያንዳንዱ ሌባ የሚተርፈው ኢምንት ይሆናል።

ትዕይንቱ ያስቃል፤ ነገር ግን ሙግቱ ደካማ ነው። ድምሩ በተቃራኒው ቢወጣ ኖሮስ ምን ልትላቸው ነበር? በሰሌዳው ላይ ያልተጻፈው አለቅየው እንደሚከብር በሁላችንም ዘመን ታይቷል። እኔ እንደሚመስለኝ እነዚያን ሰዎች ጸጥ አድርጎ ያስቀመጣቸው ቁጥሩ አይደለም። ሚስተር ሞሪስ ንብረታቸው ሊዘረፍ ሲል ደርሰው ሳለ ለፖሊስ አሳልፈው አልሰጧቸውም። ትምህርቱ የተሰማው ከዚህ ምሕረት በኋላ ነው።

የጆ ነገር ደግሞ ይብሳል። እርሱ ራሱ የተማረ ሰው ሳለ (መማሩንስ ከፊደል ሳይሆን ከምሕረት ቁጠሩልኝ) የሚስቱን ውሸት መማር ተሳነው። በእርግጥ ውሸት ውሸት ነው፤ ከፍቅር ተወለደ ብዬ አላቃልለውም። ሆኖም ሄለን ጥላው ከሄደች በኋላ የነበረበትን የሚያሳየው ሒሳብ የትኛው ነው? ጆ ይፈልጋታል፤ ትናንት ለዝርፊያ የተሰለፉት ጓደኞቹም ያለ አንዳች ድርሻ አብረውት ይፈልጋሉ። የተገኘችውም በሐኪም ቤት፣ ልጅ በወለደችበት አልጋ ላይ ነው።