መዳቡ ምን በደለ?

«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለውን ተረት ሲተርት የሰማሁት ሁልጊዜ እንግዳውን ነው። ባለወርቁ ራሱ ሲናገረው ብዙም አልገጠመኝም፤ ከተናገረውም ወርቁ ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው፤ ሚስቱ ከሄደች፣ መሬቱ ከተሸጠ፣ እናቱ ከተቀበረች በኋላ። ድሮ ይህ አይከነክነኝም ነበር። ትርጉሙን ማንም ያውቀዋል፤ ሕፃን እንኳ አይጠይቅም። ከአንድ የእሑድ ጉዞ ወዲህ ግን ተረቱ በተተረተ ቁጥር «ለመሆኑ ቆጣሪው ማን ነው?» እያልኩ ማስቸገር ጀምሬአለሁ።

ጉዞው ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ይፋት ቆላ ወርዶ ማታ የሚመለስ የአንድ ቀን ሽርሽር ነበር። ቁርስ፣ ምሳ፣ ውሃ፣ ሙዚቃና አንድ ቲሸርት በሂሳቡ ውስጥ ተካትተዋል። መንገዱ ሰላም ሆነ በተባለበት ሰሞን ነው። ቀወት ተወልጄ ያደግሁ ሰው በገዛ አገሬ ላይ ከፍዬ ልጎበኝ አውቶቡስ መሳፈሬ አንዳንድ ዘመዶቼን አስቋል። ይሳቁ፤ መሄዴ አልቆጨኝም።

ጣርማ በር ላይ ወረድን። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ የሠራውን ዋሻ ሲያልፉ አገሩ እንዳለ ከእግር ሥር ይዘረጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ቆሞ፣ ደብረ ሲናን አሻግሮ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የተኛውን ቆላ ማየት ነው። ጉሙ ከታች ወደ ላይ ይመጣል። ዋሻው አፍ ላይ ጋቢ ያጣፋ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፤ መኪናው ጠመዝማዛውን ለመጨረስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። የጉዞው አዘጋጅ፣ ትሑትና ቀልጣፋ ልጅ፣ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ያችን ተረት ያወጣት እዚህ ላይ ነው። «ይህን ሁሉ ይዘው የአካባቢው ሰዎች አያዩትም» አለ፤ «በእጅ ያለ ወርቅ…» ሲል ተሳፋሪው አብሮ ጨረሰለት።

ሮቢት ልንገባ ስንል ማንጎ ከምትሸጥ አንዲት ትልቅ ሴት ዘንድ አውቶቡሱ ቆመ። ልጁ ነገሩን ለማስመስከር ይመስላል፣ ወደ ወረድንበት ተራራ እያሳየ «እናቴ፣ ያንን ውበት ቆም ብለው አይተውት ያውቃሉ?» አላት። እሷ ማንጎውን በጨርቅ መወልወሏን ሳታቋርጥ ቀና ብላ አየችውና «አይተነዋል ልጄ። ሁለት በሬ በልቶብናል» አለችው። ቀጥላም ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ ጠየቀችው።

ተረቱ ለዚች ሴት ቦታ የለውም። ገደሉን እንደ ወርቅ አልቆጠረችውም፤ እንደ መዳብም አልናቀችውም። በሁለት በሬ ልክ ታውቀዋለች። እኛ ግማሽ ሰዓት ፎቶ ተነሥተንበት «አገሬ» ብለን ሄድን፤ እሷ ዕድሜ ልኳን አብራው ኖራለች። ከሁለታችን ገደሉን አቅልሎ ያየው ማን እንደሆነ ለመወሰን ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

በእርግጥ ስለ ጉብኝት የምናወራበት አነጋገር ከመነሻው ለባለአገሩ የተሠራ አይደለም። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ የቱሪዝም ሥራውን ሲያቋቁሙና አገሪቱን በ«13 ወር ፀጋ» ሲያስተዋውቁ ያናግሩ የነበረው አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣውን ፈረንጅ ነው። ከዚያ በኋላ በየትምህርት ቤቱ «ሀገርህን እወቅ» የሚባል ክበብ መጣ፤ ጥሩ ነገር ነበር። ነገር ግን አገር ማወቅ ማለት በአውቶቡስ ሄዶ፣ ቆሞ አይቶ፣ ተመልሶ መጻፍ መስሎን የቀረው ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ሮቢት ምሳ ላይ ልጁ ሌላ ነገር ታዘበ። ከተማዋ ሞቃት ናት፤ ወንዝ አላት፤ ማንጎና ፓፓያ፣ ሽንኩርትና ማሾ ከዙሪያዋ ይገባል። «ታዲያ በዕረፍት ቀን ወንዝ ዳር አንድ ሰው እንኳ ወጥቶ ሲዝናና አይታይም» አለ። የሮቢን ወንዝ የሚያውቅ ሰው ምንጣፍ ዘርግቶ አይቀመጥበትም፤ ላይ ደጋው ሲዘንብ ታች ፀሐይ እንዳለ ሊሞላ ይችላል። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው ተረት ላይ አንድም ቅሬታ የለኝም። ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። ዕለቱ እሑድ ነው። የይፋት ሰው በእሑድ የት እንደሚውል ልጁ አላወቀም፤ እኛ ጥብስ በምንበላበት ሰዓት በመንገዱ ላይ እስከ አፍ ጢማቸው የሞሉ ሚኒባሶች ወደ ሰሜን፣ ወደ ጀውሃ አቅጣጫ ሲበሩ በመስኮት እያየናቸው ነበር።

ሰንበቴ ገበያ ነው የሚሄዱት።

ሰንበቴ ከሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በእሑድ ቀን አፋሩ ከበረሃው ግመልና ፍየሉን እየነዳ ይመጣል፤ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ የይፋቱ አማራ፣ ከመንዝ ተዳፋት የሚወርደው ደገኛ ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ባቲ በሰኞ የምትታወቀውን ያህል ሰንበቴም በእሑድ ትታወቃለች። ከዚያ ሁሉ ግርግር ግን እኔ ላሳያችሁ የምፈልገው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ አክስቴ።

አክስቴ የሰንበቴ ጉዞዋን የምትጀምረው ቅዳሜ ማታ ነው። ፀጉሯን ቅቤ ትቀባና በሻሽ ታስራለች። ጃንጥላዋን ከግድግዳ ታወርዳለች። አዲሱን ጫማዋን በፌስታል ጠቅልላ ትይዛለች፤ የሚጠለቀው ገበያው ዳር ሲደረስ ነው፤ እስከዚያ ያው የዘወትሩ ኮንጎ ይበቃታል። ሁለት ዶሮ እግራቸውን ታስረው በር ሥር ያድራሉ። «ምን ልታመጪ ነው እትዬ?» ብላት መልሷ አንድ ነው፦ «ጨው አልቆብኛል»። ከቤቷ እስከ አስፋልቱ ድረስ ጨው የሚሸጡ ሱቆች አሉ። አንዱ እንዲያውም የክርስትና ልጇ ሱቅ ነው። ሁሉንም «ደህና ዋላችሁ» እያለች አልፋቸው ትሄዳለች። ማታ ስትመለስ ጨው ይዛለች፤ አንዳንዴም ረስታዋለች። ዶሮዎቹ ሳይሸጡ አብረዋት የተመለሱበትም ቀን አለ። ከፍቷት ግን አይቼ አላውቅም። ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ ዝናብ የት ዘነበ፣ ፍየል ስንት ገባ፣ የአፋሩ ግመል የማንን ጤፍ በላ፤ ይህን ሁሉ ይዛ ገብታ ሳምንቱን ሙሉ ትመነዝረዋለች።

«ሽርሽር ነው» ብትሏት ትቆጣለች። ሽርሽር ሥራ ፈት የሚሄደው ነው። ለመሄድ ሰበብ ያስፈልጋታል፤ ሰበቡም ጨው ነው። ጠበልም ሰበብ ነው፤ ንግሥም፣ ዚያራም፣ ሠርግም፣ አዝናለሁ ለማለት ያህል ለቅሶም ሰበብ ነው። የእኔ ሰፈር ክርስቲያንና እስላሙ በእነዚህ ሰበቦች አገሩን በእግሩ ሲያካልል የኖረ ነው፤ «አያዩትም» የሚባለው እሱ ነው። ለምን አያየውም ተባለ? ቆሞ ስለማያይ። እየሄደ ያያል።

ተረቱ በዚህ አይረታም፤ አንድ የሚይዘው ክርክር አለው። «ሲያጡት ነው የሚታወቀው» ሊል ይችላል፤ እኛም ያጣንበት ጊዜ አለ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ሮቢትም ከእሳቱ አላመለጠችም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ድረስ ወጣ። ከዚያም በኋላ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ሰው ከሮቢት ጀውሃ ለመሄድ ሦስት ጊዜ ደውሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ብዙ ነበር። በዚያ ሰሞን በስልክ ሳገኛት አክስቴ ስለ ገበያው ዋጋም፣ ስለ መንገዱ ውበትም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የጠየቀችኝ፣ እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ የማውቀው ይመስል፣ «ቅቤ የምገዛት ሴትዮ በሕይወት አለች ይሆን?» ብላ ነው። ዓመታት ከአንድ ሰው ቅቤ ገዝታለች፤ ቋንቋቸው የተለያየ ነው፤ በጣትና በሳቅ ነው የሚከራከሩት። ታዲያ ይህን ዋጋ ያወቀችው ያጣችው ለት ነው? ቅቤ ተቀብታ፣ ጫማ ቀይራ የምትሄድበትን ቦታ ማን መዳብ ነው አለው?

ይልቅ ስለ መዳቡ እናውራ። ተረቱ ወርቁን ሲያሞግስ መዳቡን እንዲሁ በመንገዱ ላይ ይጥለዋል፤ ማንም አልተሟገተለትም። ወርቅ ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ለሠርግ ይወጣል፣ ይመለሳል። መዳብ በየቀኑ እሳት ላይ የሚጣድ፣ የሚታጠብ፣ ሲቀደድ የሚበየድ ነው። በእጅ ያለ ነገር እንደ መዳብ ቢቆጠር ምን ይጎዳል?

ከቆላችን ቀና ሲሉ ከሚታየው ሰንሰለት በስተ ጀርባ ያለውን የመንዝ ጓሳን ተመልከቱ። 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውርጫም ሜዳ ነው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ከባሕር ማዶ ሳይቀር ይመጣበታል። ይህ ቦታ እንዴት ተረፈ? የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ጠባቂ አቁሞ፣ ከብት ያስገባን ቀጥቶ፣ ጊዜው ሲደርስ በአንድነት ከፍቶ ስላጨደ ነው። ያጨደው ለምንድን ነው? ጣሪያ ሊከድንበት፣ ገመድ ሊገምድበት፣ ገሣ ሊሠራበት። በውበቱ ተማርኮ አልነበረም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲያፈርስ ጥበቃውም አብሮ ላላ፤ በኋላ ያንሰራራው ያው ሣሩ የሚያስፈልገው ማኅበረሰብ ራሱ ተሰብስቦ ደንብ ስላወጣለት ነው። ቀበሮዋ የሰው ጣሪያ እንዳያፈስ በተጠበቀ ሣር ውስጥ ተርፋለች ማለት ነው። ጓሳን ወርቅ ነው ብሎ ያየው ሰው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ መግቢያም ከፍሎ ነው። ከፍሎ መምጣቱ ጥሩ ነው፤ ጠባቂውም ይከፈለዋል። ግን «አላወቃችሁበትም» የሚለውን ንግግር እዚያ ባያደርግ ይሻላል።

ለተረቱ ሙሉ በሙሉ የምለቅለት ቦታም አላጣሁም። ይፋት በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን የወላስማዎች ሱልጣኔት ነበረች፤ አፄ ዓምደ ጽዮን የተዋጋት፣ የዓረብ ጸሐፊዎች የጻፉላት። ኖራና አስባሪን የመሰሉ የፈራረሱ የድንጋይ ከተሞቿን፣ መስጊዶቿንና መቃብሮቿን ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆነው ያጠኗቸው ከ20 ዓመት ወዲህ ነው። እኔ ትምህርቴን ስማር አንድም መምህር ወደዚያ አልወሰደንም፤ ስማቸውንም አልሰማሁም። አክሱምንና ላሊበላን እየሸመደድን፣ የራሳችን ቆላ በመጽሐፉ ውስጥ ሙቀትና ማሽላ ብቻ ነበረው። የፍርስራሹ ጎረቤቶች ግን ቦታዎቹን በስም ያውቋቸዋል፤ መቃብሮቹንም ያከብራሉ። እንግዲህ ወርቁን መዳብ ያደረገው ማን ነው? የያዘው እጅ አይደለም። ተምረን ከእጁ የወጣነው፣ ደሴ ስንሄድ ሮቢት ላይ ማንጎ ለመግዛት ያህል የምንቆመው፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ በመስኮት ተቀብለን መስታወቱን የምንዘጋው እኛ ነን። ተረቱ ለእኛ ቢሆን ልክ ነው። ያኔ ግን «በእጅ ያለ» የሚለው ቃል መለወጥ አለበት፤ ከእጃችን ከወጣ ቆይቷልና።

ይህን ሁሉ ስንመለስ፣ ዳገቱን በማርሽ ሁለት እየወጣን፣ ለአዘጋጁ ልጅ ነገርኩት። ተከራከረኝ እንጂ አልተቆጣም። «ጋሼ፣ ሰው ለገበያ ብሎ ያን ያህል መንገድ ይመጣል?» አለኝ። አምጣውና እንይ አልኩት። ጣርማ በር ላይ ለፎቶ የተያዘው ሰዓት ይቀነስ፤ ምሳው ሮቢት ሆቴል መሆኑ ቀርቶ ሰንበቴ ይሁን፤ ሙዚቃው ይጥፋ፤ ሳይጠይቅ ካሜራ የሚያነሣ ሰው ይውረድ፤ እያንዳንዱ ተሳፋሪም ቢያንስ አንድ ነገር ይግዛ፣ ጨውም ቢሆን። ስለ ገበያው የሚያስረዳም ሰው እንዳይቀጥር፣ ከሮቢት ሁለት እናቶች በነፃ እንዲያሳፍርና እነሱ ወደሄዱበት እንዲከተል መከርኩት።

የገበያውን ቀን ጽፎ ያዘው። ከኋላ ወንበር አንዲት ወጣት «ቆላው ግን በጣም ይሞቃል» ስትል ሰማኋት፤ ልክ ናት፣ ይሞቃል። ጉዞው እስካሁን ቀን አልተቆረጠለትም። መንገዱን እያየን ነው።