ማሊያ የለወጠ ሁሉ ከዳ?

ባለፈው ወደ ሰመራ ስወርድ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ለምሳ ቆምን። ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ አንድ የከባድ መኪና ሾፌርና ረዳቱ ተፋጠዋል። ረዳቱ የኢትዮጵያ ቡና ማሊያ ለብሷል። የጠባቸው መነሻ አቡበከር ናስር ነው።

«ልቡ ቡና ቢሆን ኖሮ አይሄድም ነበር!» አለ ረዳቱ።

«አንተስ አምና የማን መኪና ላይ ነበርክ?» አለው ሾፌሩ።

ረዳቱ ዝም አለ። እኔም ጉርሻዬን ይዤ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ በኋላ እነግራችኋለሁ።

አቡበከር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለቡና 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ክለቦቹ ተስማምተው የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ደጋፊው ግማሹ መረቀው፣ ግማሹ ከፋው። የከፋው ሰው ሞኝ አይደለም። ዝናብ እየመታው የጮኸ፣ ከዳቦው ቀንሶ መግቢያ የከፈለ ሰው ነው። እሱ ቡናን ትቶ ሌላ ክለብ ልደግፍ ቢል የገዛ ጓደኞቹ አያስቀምጡትም። ታዲያ «እኔን ያሰረኝ ገመድ እሱን ለምን አላሰረውም?» ቢል ምን ይፈረድበታል?

የእኔ ዘመን ሰዎች እዚህ ላይ ይድነቃቸው ተሰማን መጥራት እንወዳለን። የተጫዋችነት ዘመኑን በጊዮርጊስ ማሊያ ጨረሰ፤ ኋላም እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ ሲመራ፣ አውሮፓ ልጆቻችንን እየወሰደ ሜዳችንን ባዶ እንዳያስቀረው ይሟገት ነበር። እውነት ነው። ግን አንድ ነገር እንረሳለን። በዚያ ዘመን ኳስ እንጀራ አልነበረም። ተጫዋቹ ቀን ሥራው ላይ ውሎ ማታ ኳሱን ያሳድዳል። በፍቅር የሚጫወትን ሰው በፍቅር መጠየቅ ይቻላል። ዛሬ ግን ውል አለ፣ የፊርማ ገንዘብ አለ። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ እንዲያውም የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ጣሪያ የሚሠራለት ነገር ሥራ ነው፤ ሠራተኛ ደግሞ ሥራ ይለውጣል። ተጫዋች ሠላሳዎቹን ሲያጋምስ ያረጃል። ጉልበቱ የተጎዳ ዕለት «ልጃችን» ሲለው የከረመው ክለብ ስልክ አያነሳለትም። ደመወዝ ለወራት ሳይከፍሉ «ማሊያውን ውደድ» የሚሉ ክለቦችም አይተናል።

ከአዋሽ ከተነሳን በኋላ ስለ ወንዙ ሳስብ ነበር። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከአገር ሳይወጣ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከዚህ በላይ ታማኝ ከየት ይመጣል? ምን አተረፈ ታዲያ? ቆቃ ላይ ገድበን መብራት አወጣንበት። ወንጂና መተሐራ ላይ ሸንኮራ አጠጣንበት። የከተማና የፋብሪካ ቆሻሻችንን ጨመርንበት። አፋር ሲደርስ የተረፈውን ይዞ ነው። ዘፈኑ ግን ለማን ነው? ጥሎን ለሄደው ለዓባይ! ክለቦቻችን ታማኙን ተጫዋች የሚይዙት አዋሽን እንደያዝነው ይመስለኛል።

እንግዲያው መሄድ ክህደት አይደለም ብዬ ልደመድም ነበር። ሰመራ አላስደመደመኝም።

ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ ሻይ ጋበዘኝ። እዚያው ሥራ ይዞ፣ ልጆች ወልዶ አገኘሁት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከፊት ወንበር የማይጠፋ ልጅ ነበር። የአዋሹን ክርክር አጫወትኩትና «አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ፣

«መምህር፣ እርስዎ የሄዱ ጊዜ እኔ አልከፋኝም ነበር» አለኝ። «ደመወዙ እንደማያኖር እናውቃለን። ግን ከፋሲካ በኋላ እንገናኝ ብለውን ነበር። የጽሑፋችንን ረቂቅ ይዘን ጠበቅንዎት።»

እውነቱን ነው። «ከፋሲካ በኋላ» ስላቸው ሌላ መሥሪያ ቤት ከፈረምኩ ሳምንት አልፎኝ ነበር። ዓይናቸውን ማየት ፈርቼ ነው። ምሳ ላይ ጉርሻዬን ይዤ ዝም ያልኩትም ለዚሁ ነው።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ባህል አላቸው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ዳጉ ላይ መዋሸት ነውር ነው። የአንዱ ወሬ የሌላው ውሃና ግጦሽ ነውና። ይኸው ሕዝብ ዝናብ ተከትሎ ከብቱን ይዞ ይሄዳል። በመሄዱ ማንም ከሃዲ አይለውም። የሚያስጠይቀው ውሃ በሌለበት ውሃ አለ ማለት ነው።

ለኳሱም ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላገኘሁም። ውሉን ጨርሶ፣ «እሄዳለሁ» ብሎ፣ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ሮጦ የሄደ ተጫዋች ማንንም አልከዳም። በጓሮ ፈርሞ እግሩን እየቆጠበ የሚጫወተው ግን፣ ማሊያውን እየሳመም ቢሆን፣ ከድቷል። ክለቡም እንደዚያው ነው፤ ሊሸጠው የተስማማበትን ልጅ «አንተማ የእኛ ነህ» ካለው ከሃዲው ክለቡ ነው። ገንዘቡ ምንም አላጠፋም።

ተማሪዬን ይቅርታ ጠየቅሁት። «ኧረ ይተዉት መምህር፣ ስንት ዓመቱ!» አለኝ። ሻዩን ከፍሎ እስከ ማደሪያዬ ሸኘኝ። በር ላይ «ሲመለሱ ይደውሉልኝ» ሲለኝ «እሺ» ልለው አፌን ከፈትኩና ያዝ አደረግሁት። የምደውል መሆኔን መጀመሪያ ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ።