የማደሪያው ባለቤት

ስለ ደጉ ሳምራዊ ስናስተምር ዘወትር የምናስበው በመንገድ የወደቀውን ቁስለኛና የረዳውን ሰው ነው። ቁስለኛውን የተቀበለው የእንግዶች ማደሪያ ባለቤት ይዘነጋል። ሳምራዊው ሁለት ዲናር ከገዛ ገንዘቡ አውጥቶ የሰጠው፣ ቢጎድልም ስመለስ እከፍላለሁ ያለው ግን ለእርሱ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ስለ አገራችን ታሪክ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረኃብ ወሎንና ትግራይን በመታ ጊዜ፣ የደርግ መንግሥት 600,000 ገደማ ሰዎችን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አጓጓዘ። አሶሳና በመተከል የሚገኘው የበለስ ሸለቆ ከዋነኞቹ የሰፈራ ቦታዎች መካከል ነበሩ። ወደው የመጡ ነበሩ፤ ተገድደው የተጫኑም ነበሩ፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተለያየ፤ ቆላውን የማያውቀውን የደጋ ሰው ወባ ፈጀው። ይህን በይፋ የነቀፈው የፈረንሳይ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። ሆኖም በዚያ ሰፈራ ከሞት የተረፈ ሰው የለም ማለት ሐሰት ይሆናል።

የበርታና የጉሙዝ ሕዝብስ? ምድራቸው በሹማምንቱ ዓይን ባዶ ነበር። ለጉሙዝ ገበሬ ግን ያልታረሰ መሬት ባለቤት የሌለው መሬት አይደለም፤ አሳርፎት ከዓመታት በኋላ የሚመለስበት ነው። ጫካውም የማሩ፣ የአደኑና የሥራ ሥሩ ጎተራ ነው።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በጽኑ ችግር ጊዜ የምድር ሀብት የጋራ እንደሚሆን አስተምሯል፤ ታዲያ የተራበው ቢሰፍር ምን በደል አለ? ለተራበውስ በደል የለበትም። ትምህርቱ ግን የሌላውን ርስት ባለቤቱን ሳይጠይቅ ለሚያድል ሹም መከላከያ አይሆንም። ቸርነት ከራስ ነው።

በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግድያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ቻግኒ ተሰደዱ፤ ጫካ የገቡ የጉሙዝ ቤተሰቦችም ብዙ ነበሩ። የዚህ ሁሉ መነሻ ያ ሰፈራ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ነፍስ መግደልን የሚያጸድቅ የመሬት ቅሬታም የለም። በዚያ የተወለዱት የሰፋሪዎች ልጆችም ዛሬ እንግዶች አይደሉም፤ አገራቸው ነው። ነገር ግን ተፈናቃይ ተመልሶ ጎጆው ሲሠራለት፣ ዘር ሲታደልለት፣ ጎረቤቱ የጉሙዝ አባወራ ቆሞ የሚያይ ብቻ ከሆነ፣ ለማደሪያው ባለቤት ዛሬም አልተከፈለውም ማለት ነው። ስለዚህ የእርዳታ መዝገብ በሚዘጋጅበት ስብሰባ የምትገኙ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ስሞቹ ከመጻፋቸው በፊት የሁለቱም መንደር ሽማግሌዎች መጠራታቸውን ጠይቁ።