ከማን መሶብ ይቀነሳል?

ሰው የተሻለ የሚከፈልበትን ሥራ ትቶ ወደ ማስተማር ሲገባ መሥዋዕትነት ነው ብለን እናደንቀዋለን። ቃሉን አንጠላውም። ነገር ግን መሥዋዕት ከመባሉ በፊት በጉ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ጉዳዩ እዚሁ ካኩማ በመካከላችን ያለ ነው። በሐበሻው ገበያ የአንድ ጅምላ ነጋዴ መዝገብ የሚይዝ ወንድማችን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ እንዲያስተምር ተጠይቋል። ቢቀበል የወር ገቢው ወደ ግማሽ ይወርዳል። የእርሱ ልብ ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዘንብሏል፤ ባለቤቱ ግን «ለሰው ልጅ ፊደል ስታድል የራስህ ልጅ ምን ይብላ?» አለችው። ይህን ሰምተው የሴት ጉርምርምታ ነው ብለው ያለፉት ሰዎች አላስደሰቱንም። እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽኑ ክፉኛ ሲቀነስ ድስቱን ያጎደለችው ማን ሆነችና! ሒሳብ አዋቂው እርሱ ቢሆንም፥ በዚህ ነገር አጥብቃ ያሰላችው እርስዋ ናት።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ስደተኛ መምህር የሚቀበለው ገንዘብ ደመወዝ አይባልም፤ ኢንሴንቲቭ፥ ማለትም ማበረታቻ ይባላል። በአማርኛችን ማበረታቻ በደመወዝ ላይ የሚጨመር ነው፤ እዚህ ግን የሚጨመርበት ነገር የለም። በሚቀጥለው ክፍል ያንኑ ትምህርት የሚያስተምረው ኬንያዊ ባልደረባው ደመወዝ ያገኛል፤ ልዩነቱም ሰፊ ነው። እንግዲህ ወንድማችን የሚያጣው ገንዘብ ሁሉ ለልጆቹ የሰጠው ስጦታ ነው ማለት አይቻልም፤ ከፊሉ ሊከፈለው ሲገባ ያልተከፈለው ነው። ስጦታና ዕዳ በአንድ ስም ሲጠሩ ባለዕዳው በነፃ ይገላገላል።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ለአንድ ዓመት አቋርጠው በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎቹም በአስተማሪነት ነበር። የሚሰጣቸው ገንዘብ ጥቂት ነበር፤ ሆኖም ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ትምህርታቸው ይመለሳሉ። ማብቂያው የታወቀ ችግር ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ደግሞ መምህራን ሥራ ባቆሙ ጊዜ፥ ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ዕቅድ እንዲቀርና ደመወዛቸው እንዲሻሻል በአንድ አፍ ጠየቁ። ለልጅ የሚያስብ መምህር ስለ ደመወዝ አያነሣም የሚሉን ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነበር።

ታዲያ ይቅርበት እንላለን? አንልም። የነጋዴውን መዝገብ የሚይዝ ሌላ ሰው በሳምንት ውስጥ ይገኛል። ከ100 በላይ ልጅ በታጨቀበት ክፍል፥ በእንግሊዝኛና በኪስዋሂሊ በሚሰጥ ትምህርት፥ ክፍልፋይ ያልገባውን የእኛን ልጅ ጠጋ ብሎ በአማርኛ የሚያስረዳው ግን ከየት ይመጣል? ልጁ እስኪያድግ ድረስ መጠበቅ አይቻልም፤ ማበረታቻው ደመወዝ እስኪሆን ድረስ ጥያቄውን እያነሡ ማስተማር ግን ይቻላል።

የምንፈራው በተርም መካከል ጥሎ መሄድን ነው። በሞቀ ልብ ጀምሮ ኪሱ ሲቀዘቅዝ ወደ ሱቅ የሚመለስ መምህር ከመጀመሪያውም ባልገባ ይሻል ነበር፤ መምህር በተለወጠ ቁጥር ልጆቹ የብዜት ሠንጠረዡን ከሁለት ይጀምራሉና። ስለዚህ ለወንድማችን የመከርነው፥ ስንት ተርም መቆየት እንደሚችል ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲቆጥር ነው። የኬንያ የትምህርት ዓመት ሦስት ተርም አለው። ሦስቱን የማይዘልቅ ከሆነ አይጀምር።

ቆጠሩ። ዱቄቱና ዘይቱ ለሁለቱ ይበቃል፥ ለሦስተኛው አይበቃም አለች። ቅዳሜና እሑድ መዝገቡን ይያዝ ዘንድ ነጋዴው ተለምኗል፤ መልስ ገና አልሰጠም።