ጎሜ እና ካርቦን፦ የአየር ብክለት በደለኛ ማን ነው?

የአየር ብክለት ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በልኬት ነው፤ ስንት ቶን ጋዝ እንደተለቀቀና ሙቀቱ በስንት ዲግሪ እንደጨመረ ይነገራል። ከልኬቱ ሥር ግን ቁጥር ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄ አለ፦ አድራጊው ተጎጂውን በማያውቅበት፣ ድርጊቱም ለየብቻው ሲታይ ጉዳት በማይመስልበት ሁኔታ በደለኛ የሚባለው ማን ነው? ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ 2,700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኘው ጨንቻ ይህን ጥያቄ ለመመርመር የተመቸች ናት፤ በየጓዳው የሚጨስ የእንጨት እሳት ያላት ብቻ ሳትሆን፣ አንድ ሰው በሠራው ጥፋት ምድርና ዝናብ ሊበከሉ እንደሚችሉ ለዘመናት ሲያስብ የኖረ ማኅበረሰብ መኖሪያም ናት።

በቅድሚያ «የአየር ብክለት» በሚል አንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮችን፣ ጭስንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ መለየት ያስፈልጋል። በጨንቻ አጠገብ የሚኖሩት ዶርዜዎች ከቀርከሃ ሸምነው የሚሠሩት ረጅም ቤት የጭስ መውጫ የለውም፤ እሳቱ መሀል ላይ ይነድዳል፣ ጭሱም ወደ ላይ ወጥቶ በሽመናውና በክዳኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይሰርጋል። እግረ መንገዱን ቀርከሃውን ያጠቁራል፣ ነፍሳትን ያርቃል፣ የቤቱንም ዕድሜ ያራዝማል። ይሁን እንጂ ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ የምትጋግረው ሴትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን የሚተነፍሱት ያንኑ ጭስ ነው። በጭሱ ውስጥ ያሉት፣ መጠናቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር 1/400ኛ የማይበልጥ ብናኞች እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ዘልቀው ደም ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ይህ ብክለት በዓይን ይታያል፣ ያስለቅሳል፣ ያስላል፤ የሚጎዳውም በዋነኛነት እሳቱን ያነደደችውንና አጠገቧ ያሉትን ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ የትም ይለቀቅ የት በመላው ከባቢ አየር ይሠራጫል፣ ከፊሉም ለመቶዎች ዓመታት ሳይወገድ ይቆያል። ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች መካከል 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 በልጠዋል። ለዚህ ጭማሪ ዋናው ምክንያት የድንጋይ ከሰል፣ የነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ቃጠሎ ሲሆን፣ ከዚህ ምንጭ የሚወጣው ልቀት በኢትዮጵያ ለአንድ ሰው በዓመት ከ0.2 ቶን በታች፣ በዩናይትድ ስቴትስ ደግሞ 14 ቶን ገደማ ነው። እንጨትም ሲነድድ ካርቦን ይለቅቃል፤ ሆኖም የተቆረጠው ዛፍ ተተክቶ እስካደገ ድረስ የተለቀቀውን መልሶ ስለሚስብ፣ ለሚሊዮኖች ዓመታት ከመሬት በታች ታምቆ ከኖረው የድንጋይ ከሰል ጋር እኩል ሊቆጠር አይገባም።

የተለመደው የፍትሕ አስተሳሰብ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ አንድን ሰው በደለኛ ለማለት ድርጊቱን፣ ጉዳቱንና ሁለቱን የሚያገናኘውን ክር ለይቶ ማሳየት ይጠይቃልና። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሬክ ፓርፊት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ችግር በምናባዊ ምሳሌ አስረድቷል፦ አንድ ሺህ አሠቃዮች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፤ አንዱ ቁልፍ የሚጨምረው ሕመም ለተሠቃዩ እንኳ የማይታወቅ ቢሆንም የሁሉም ድምር ግን የከፋ ስቃይ ነው። ማንም ለብቻው የጎዳው ሰው የለም፤ ተጎጂው ግን አለ። ፓርፊት የደረሰበት ድምዳሜ፣ አንድ ድርጊት ብቻውን ሲታይ ጉዳቱ የማይታወቅ ቢሆን እንኳ ከሌሎች ጋር ተደምሮ የሚጎዳ የድርጊቶች ስብስብ አካል በመሆኑ ጥፋት ሊሆን ይችላል የሚል ነው።

ጨንቻ የምትገኝበት የጋሞ ደጋ ሕዝብ ወደዚህ አሳብ የደረሰው በሌላ መንገድ ነው። ዎጋ ማለት ከአባቶች የወረደ፣ አገሬውን የሚያስተዳድር ሥርዓት ሲሆን፣ ዎጋን መጣስ የሚያስከትለው ብክለት ጎሜ ይባላል። ጎሜ አጥፊው ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ዝናብ ሊያስቀር፣ ሰብል ሊያመክን፣ ልጆችን ሊያሳምም ይችላል ተብሎ ይታመናል። ሳያውቁ ማጥፋትም ከጎሜ አያድንም፤ ክፉ አሳብ መኖር አለመኖሩ ሳይሆን ሥርዓቱ መጣሱ ነው የሚታየው። መፍትሔውም በስውር የሚከናወን አይደለም፤ ጥፋቱ ተፈልጎ፣ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ዱቡሻ በተባለው አደባባይ በይፋ ተነግሮ፣ የተበላሸው ግንኙነት ሲታደስ ነው ጎሜው የሚነሣው። ከሁሉም በላይ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ግን የኃላፊነቱ አከፋፈል ነው፤ በሹመት ከፍ ያለው ሃላቃ ወይም ካዎ ሥርዓት ቢጥስ መዘዙ በመላው አገር ላይ ይወድቃል ስለሚባል፣ ጥንቃቄው ከተራው ሰው ይልቅ በእርሱ ላይ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ አገሮች የተስማሙበት «የጋራ ነገር ግን የተለያየ ኃላፊነት» የተባለው መርሕ ከዚህ አከፋፈል ብዙ አይርቅም።

ይህን ማለት ግን ጎሜን እንዳለ መቀበል አይደለም። የዝናብ መቅረት ምክንያት የሥርዓት መጣስ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ከዚያም በላይ የሚያሳስበው ይኸው እሳቤ ሸክላ ሠሪዎቹን ማናዎችንና ቆዳ ፋቂዎቹን ደጋላዎችን ለማግለል ማገልገሉ ነው፤ ወደ ገበሬው ማሳ ቢገቡ ምድሩን ይበክላሉ ተብለው ከመሬት፣ ከጋብቻና ከአደባባይ ተገልለው ኖረዋል። የብክለት እሳቤ አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋተኛ ፍለጋው ወደ ላይ መውጣት ሲገባው፣ ሊከራከር የማይችለውን ደካማ ፈልጎ ወደ ታች ይወርዳል።

የካርቦን ሒሳብ ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም። በዓለም የካርቦን ገበያ ለድሃ ገጠሬ ሴቶች ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እየተሰጠ፣ ከሦስት ጉልቻ ቀረ የተባለው ልቀት ተሰልቶ በሌላ አገር ላለ ድርጅት ይሸጣል፤ ገዢውም በዚያ ልክ ልቀቱን እንደቀነሰ ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት እንዲህ ካሉ ፕሮጀክቶች የተሸጠው የልቀት ቅነሳ በእርግጥ ከተገኘው ዘጠኝ እጥፍ ገደማ መሆኑን አመልክቷል። የስሌቱ ስሕተት ቢታረም እንኳ የሞራሉ ስሕተት በቦታው ይኖራል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሄንሪ ሹ እ.ኤ.አ. በ1993 ለመኖር የግድ የሆነውን ልቀት ከቅንጦት ልቀት ለይቷል፤ በዚህ መለኪያ ቆጮ የሚጋገርበት እሳት የሌላውን አገር የቅንጦት በረራ ማካካሻ ሊሆን አይገባም። ጭስ የሌለው ምድጃና የኤሌክትሪክ ኃይል ለጨንቻ ሴት የሚገባት ሳንባዋ ጤናማ ሆኖ እንዲኖር ነው፤ ይህም ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል፣ ክሱን ወደ ላይ ለማውጣት የሚደረገው ሙከራም የራሱ ጥንቃቄ ያሻዋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በአጎራባቹ ጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ቀጥፏል፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ አስቀድመው የተቀበሩትን ለማውጣት ሲረባረቡ ሁለተኛ ናዳ የደረሰባቸው ነበሩ። ከባድ ዝናብ ቀድሞት ነበር። የሞቀ አየር የበለጠ እርጥበት ስለሚሸከም ሙቀት መጨመሩ ከባድ ዝናብን ያበረታል፤ ያም ሆኖ ተዳፋቱ፣ የአፈሩ ዓይነትና የመሬቱ አያያዝም ድርሻ ስላላቸው ያን ናዳ ለአንድ ፋብሪካ ጭስ መስጠት ሐቀኝነት አይሆንም። ሐቀኛ የሚሆነው፣ ስለ ነጠላው አደጋ ሳይሆን ስለ አደጋዎቹ መብዛትና መክፋት ድርሻን ለክቶ መጠየቅ ነው።

የፔሩው ገበሬ ሳውል ሉሲያኖ ሊዩያ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የጀርመኑን የኃይል ኩባንያ አርደብሊውኢን ከሶ፣ በበረዶ መቅለጥ ከሚያሰጋው ጎርፍ ቤቱን ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው ወጪ ኩባንያው በዓለም ልቀት ባለው ድርሻ ልክ ግማሽ በመቶ የሚጠጋውን ብቻ እንዲከፍል ጠየቀ። የሃም ከተማ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የቤቱ ሥጋት በቂ አይደለም ብሎ ክሱን ውድቅ ቢያደርገውም፣ በመርሕ ደረጃ ግን ብዙ የሚለቅቅ አካል በሌላ አገር ለሚደርስ ጉዳት ሊጠየቅ እንደሚችል ተቀብሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት መንግሥታት የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸውና መጣሱ ካሣ ሊያስከትል እንደሚችል በምክር አስተያየቱ አስታውቋል።

በአገሮች መካከል የተደረሰው ስምምነት ግን እስከዚህ አልዘለቀም። እ.ኤ.አ. በ2015 የፓሪስ ስምምነት ሲጸድቅ አብሮ የወጣው ውሳኔ ስለ ኪሣራና ጉዳት የሚናገረው አንቀጽ ለተጠያቂነትም ሆነ ለካሣ መሠረት እንደማይሆን በግልጽ አስፍሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በሻርም አልሼክ እንዲቋቋም የተወሰነው የኪሣራና ጉዳት ፈንድም የሚሞላው በፈቃደኝነት በሚሰጥ መዋጮ ነው። ገንዘቡ ለተጎጂዎች ይጠቅማል፤ ነገር ግን የዱቡሻ ሽማግሌዎች ጥፋቱን ያልተናገረ ሰው የሚሰጠውን እንደ ስጦታ እንጂ ጎሜን እንደሚያነሣ ዕርቅ ሊቆጥሩት አይችሉም።